ጸፍጸፍ፦ ከጲላጦስ አደባባይ እስከ ሰፈር ኮብልስቶን

በስቅለት ዕለት፣ ምእመናን ከማለዳ እስከ ማምሻ ሲሰግዱ በሚውሉበት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የአራቱም ወንጌላት የሕማማት ታሪክ በየሰዓቱ ይነበባል። ተራው የዮሐንስ ሲሆን ምዕራፍ 19 ላይ ጲላጦስ የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ ኢየሱስን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ራሱም በፍርድ ወንበር ይቀመጣል። ወንጌላዊው እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርጎ ስለ ቦታው አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ ስፍራው ጸፍጸፍ ይባላል፣ በዕብራይስጥ ደግሞ ገበታ። አንባቢው ያልፋል፣ ሰሚውም አብሮ ያልፋል። ወንበሩ ለማንም ግልጽ ነው፤ ጩኸቱም ግልጽ ነው። ጸፍጸፍ ግን ከዓመት ዓመት በዚያች ቀን ብቻ ጆሮ የሚደርስ፣ ብዙዎች እንደ አገር ስም የሚይዙት ቃል ሆኖ ቀርቷል።

ቃሉ የቦታ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የሥራ ስም ነው። ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥመው የተነጠፉበት ወለል ጸፍጸፍ ይባላል። ግቢ ሊሆን ይችላል፣ አደባባይ ሊሆን ይችላል፣ የቤተ መንግሥት አዳራሽም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር የሰው እጅ ድንጋዩን አስተካክሎ መሬት ላይ መደርደሩ ነው። የግሪኩ ወንጌል የተጠቀመበት ቃል «ሊቶስትሮቶን» ነው፤ «ሊቶስ» ድንጋይ፣ «ስትሮቶን» የተነጠፈ። ይኸው የግሪክ ቃል በብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም ውስጥ ሁለት ታላላቅ ቦታዎች ላይ ይገኛል። አንዱ በዜና መዋዕል፣ እሳት ከሰማይ በወረደ ጊዜ እስራኤል በግንባራቸው የተደፉበት የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ወለል ነው። ሌላው በመጽሐፈ አስቴር፣ የፋርሱ ንጉሥ በሱሳ ግብዣ ያደረገበት ባለ ቀለም ወለል ነው። ቃሉ እንግዲህ ከመጀመሪያውም የክብር ቦታ ቃል ነበር።

ገበታ የሚለው ሁለተኛው ስም ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ ወጥመድ አለበት። ገበታ ሲባል ልብ ወዲያው ወደ መሶቡ ይሄዳል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ገበታ ለሸገር» እና «ገበታ ለሀገር» የሚሉት የፕሮጀክት ስሞች አሉ። የወንጌሉ ገበታ ግን ከማዕድ ጋር ዝምድና የለውም። ዮሐንስ ዕብራይስጥ ቢለውም ቃሉ ሕዝቡ ይናገረው የነበረው የአራማይክ ቃል ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም ከፍ ያለ ቦታ ማለት ነው ይላሉ። የእኛው «ጉብታ» በድምፅም በሐሳብም ለዚህ ትርጉም ቅርብ መሆኑ የሚገርም ነው። ስለዚህ ወንጌላዊው የሰጠን አንድ ስም ከነትርጉሙ አይደለም፤ ለአንድ ቦታ ሁለት የተለያዩ ስሞችን ነው። ግሪክኛ ተናጋሪው ድንጋዩን አይቶ ሰየመው፣ የአገሬው ሰው ከፍታውን አይቶ።

ወደ ጸፍጸፍ፣ ወደ ግእዙ ቃል እንመለስ። ጸ እና ጠ በአማርኛ ቦታ እየተለዋወጡ እንደሚኖሩ ማንም ያውቃል፤ ጸጉርና ጠጉር፣ ጾምና ጦም። በዚሁ መንገድ ጸፍጸፍን «ጠፍጣፋ» እና «ጠፈጠፈ» አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል። ኩበት የምትጠፈጥፍ የገጠር እናት ጭቃ መሰሉን ነገር በመዳፏ እየመታች ገጽ ታወጣለታለች። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ቃል ባለ ግርማ ሲሆን፣ በጓሮ የሚነገረው የዕለት ሥራ ነው፤ ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ዝርግ ስለ ማድረግ።

ጸፍጸፍ ከፍ ብሎ የታየበት ሌላ መጽሐፍም አለ። ሙሉ መልኩ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው መጽሐፈ ሔኖክ ምዕራፍ 14 ላይ፣ ሔኖክ በራእይ ያየውን ሰማያዊ ቤት ሲገልጽ ግድግዳውን በበረድ ድንጋይ ከተሠራ ጸፍጸፍ ጋር ያመሳስለዋል። የአውሮፓ ተርጓሚዎች እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ በትናንሽ ድንጋይ የተገጠመ ጌጠኛ ወለል ብለው ተርጉመውታል። ጸፍጸፍ እንግዲህ ከትልልቅ ሰሌዳ ድንጋይ ጀምሮ እስከ ቀለማማ የጠጠር ጌጥ ድረስ ያለውን ንጣፍ ሁሉ ይሸፍናል። የድንጋዩን ዓይነት አይመርጥም፤ የሚመርጠው አነጣጠፉን ነው።

ሰዎች መሬት ላይ ድንጋይ ሲደረድሩ በአእምሯቸው የሚመጣው ሐሳብ በየአገሩ መመሳሰሉ ይደንቃል። አማርኛ ምንጣፍም፣ የአልጋ አንሶላም፣ ድንጋይም «ይነጠፋል» ይላል። ሮማውያን ደግሞ የተነጠፈ መንገድን «ቪያ ስትራታ» አሉት፤ ከግሪኩ «ስትሮቶን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የጣልያን «ስትራዳ»፣ የእንግሊዝ «ስትሪት» እና የጀርመን «ሽትራሰ» ከዚያ ተወለዱ። ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት ያው የሮም ቃል በግሪክና በአራማይክ በኩል አድርጎ ዐረብኛ ገብቷል። ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ በየሶላቱ ቀጥተኛውን መንገድ ሲለምን የሚጠራው «ሲራጥ» መነሻው ይኸው የተነጠፈ መንገድ ነው ማለት ነው። የስቅለቱ ምእመን እና የሶላቱ ሰጋጅ፣ ሳያውቁት በአንድ ወለል ላይ ቆመዋል።

የጲላጦስ ጸፍጸፍ ዛሬ የት ነው? ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተሳላሚ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አያገኝም፤ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በአሮጌዋ ኢየሩሳሌም፣ ከዴር ሱልጣን ገዳማችን ብዙም ሳይርቅ፣ የሕማማት መንገድ በሚባለው ጠባብ ጎዳና ላይ የጽዮን እህቶች የተባሉ የካቶሊክ ደናግል ገዳም አለ። ቦታውን አልፎንስ ራቲዝቦን የተባሉ ካህን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዝተውታል። ከሕንፃው ሥር ሰፋፊ የኖራ ድንጋይ ሰሌዳዎች የተነጠፉበት የሮማውያን ወለል ተገኘ። አንዳንዶቹ ድንጋዮች ፈረስ እንዳያንሸራትት ተብሎ መስመር መስመር ተቦርቡረዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ወታደሮች ሲዝናኑበት የነበረ የጨዋታ ሰሌዳ ተቀርጿል። በየሃና በመጠራ ዐለት ላይ የተፈለፈለ የገበጣ ጉድጓድ እንዳለ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዝርግ ድንጋይና ሥራ የፈታ እጅ ሲገናኙ ጨዋታ መውጣቱ አይቀርም።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ ወለል ያ ጸፍጸፍ ነው ተብሎ ታመነ። ሉዊ ኡግ ቫንሳን የተባሉት ዝነኛ የዶሚኒካን አርኪዮሎጂስት ይህንኑ ደግፈው ጻፉ፤ አስጎብኚዎችም የጨዋታውን ሰሌዳ ወታደሮቹ ኢየሱስን ከተሳለቁበት ጋር አያይዘው ማስረዳት ልማድ አደረጉት። በኋላ ግን ሌላው የዶሚኒካን ሊቅ ፒየር ቤኗ ነገሩን እንደገና መረመሩ። ማስረጃው ከድንጋዩ ሥር ነበር። ወለሉ የተዘረጋው ስትሩትዮን በተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ በተሠራ የድንጋይ ቅስት ላይ ነው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ከተማዋን ሲከቡ በዚያ ማጠራቀሚያ መካከል የአፈር መወጣጫ እንደ ደለደሉ መዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ይነገራል።) ማጠራቀሚያው ያኔ ገና ክፍት ከነበረ፣ እሱን የሸፈነው ወለል ከ70 ዓ.ም. በኋላ የመጣ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ወለሉን ከጲላጦስ 100 ዓመት ያህል በኋላ ከተማዋን እንደ አዲስ የሠራው የንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ሥራ አድርገው ያዩታል።

ታዲያ እውነተኛው የት ነበር? ብዙዎች ዛሬ የሚያመለክቱት በከተማዋ ምዕራብ፣ በያፋ በር አጠገብ የነበረውን የሄሮድስ ቤተ መንግሥት ነው። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ዮሴፈስ እንደሚተርከው በ66 ዓ.ም. አገረ ገዥው ፍሎሩስ በዚያው ቤተ መንግሥት አርፎ የፍርድ ወንበሩን ከፊት ለፊቱ አስቀምጦ ሕዝቡን ዳኝቷል። ቦታው ደግሞ ከከተማዋ ከፍተኛ ቦታዎች አንዱ ነው፤ የአገሬው ሰው ጉብታ ቢለው አያስነቅፍም። ይህ ሁሉ የተሳላሚውን እግር ከጽዮን እህቶች ገዳም አላራቀውም፤ መራቅም ያለበት አይመስልም። ድንጋዩ የጲላጦስ ባይሆንም፣ ጸፍጸፍ ምን ይመስል እንደነበር ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ኢየሩሳሌም ስለ ንጣፍ ድንጋይ የምትናገረው ከሁሉ የሚደንቅ ታሪክ ግን ከወንጌሉ ውጭ ነው። በ60ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቤተ መቅደሱ ግንባታ ተጠናቀቀ። ዮሴፈስ እንደጻፈው ከ18,000 በላይ ሠራተኞች ድንገት ሥራ ፈቱ። እነዚህ ሰዎች ኑሯቸው ከቤተ መቅደሱ የቀን ክፍያ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ አንዲት ሰዓት ብቻ የሠራ እንኳ ደመወዙን ወዲያው ይቀበል ነበር ይላል። ሕዝቡ ሥራው እንዲቀጥል የምሥራቁ መመላለሻ እንደ ገና ይገንባ ብሎ ንጉሥ አግሪጳ ሁለተኛን ጠየቀ። ንጉሡ ወጪውንና ጊዜውን አስቦ እምቢ አለ። ነገር ግን ከተማዋ በነጭ ድንጋይ እንድትነጠፍ አልከለከለም። የጥንቷ ኢየሩሳሌም ጎዳና በከፊል የተነጠፈው፣ በዛሬ አነጋገር ለሥራ አጥ ወጣት የሥራ ዕድል ለመፍጠር ነበር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ የአዲስ አበባ ነዋሪ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጸፍጸፍ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። አክሱም ዳር፣ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት በሚለውና ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ በቆፈሩት በዱንጉር ፍርስራሽ ውስጥ፣ በሚገባ የተገጠመ የጠፍጣፋ ድንጋይ ወለል እስከ ዛሬ ይታያል። ነገር ግን ይህ ልምድ በመላ አገሪቱ እኩል አልተስፋፋም፤ አንዱ ምክንያት ሥነ ምድር ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያሉት የእንጣሎ የኖራ ድንጋይና የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ በጥንት ዘመን በውሃ ውስጥ ንብርብር እየሆኑ የተደላደሉ ናቸው። ባለሙያ እጅ ሲነካቸው በንብርብራቸው ይሰነጠቃሉ፤ ሰሌዳ ይሰጣሉ። የመሐል አገር ደጋ በአመዛኙ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። የአዲስ አበባ ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ የረጋ እንጂ የተነባበረ ስላልሆነ በመዶሻ ሲመታ ወደ ሉህ አይከፈልም። ሊያደርጉት የሚቀለው ድቡልቡል ወይም ኩብ ነው። ሮማውያን በአፒያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለዝበው መንጠፋቸው እውነት ነው፤ ያን ያህል ጉልበት ግን ሁሉም አያዝም።

ኮብልስቶን አዲስ አበባንና ሌሎች ከተሞችን ያሸነፈው እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ የተጀመረው ሥራ፣ በኋላ የዓለም ባንክ ለከተሞች በሚሰጠው ገንዘብም ታግዞ ከከተማ ከተማ ተዛመተ። ካባ ውስጥ ድንጋዩን የሚፈነቅል አለ፣ በመዶሻና በመሮ የሚጠርብ አለ፣ መንገድ ላይ የሚያነጥፍ አለ። በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ድንጋይ በተጠቀጠቀ ሰሌክት ላይ በተዘረጋ አሸዋ ውስጥ አንድ በአንድ ይሰካል፤ ብዙ ጊዜ በቀስት ቅርጽ። ክፍተቱ በአሸዋ ይሞላል፣ ዳርና ዳሩ በጠርዝ ድንጋይ ይታሰራል። ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የሚከፈለውም በተጠረበው ድንጋይ ቁጥርና በተነጠፈው ካሬ ሜትር ነበር።

ስሙ ላይ ትንሽ ስሕተት አለ። በእንግሊዝኛ «ኮብል» በወንዝ ተገላብጦ የተድበለበለ፣ የሰው እጅ ያልጠረበው ድንጋይ ነው። እኛ የምናነጥፈው በአራት ማዕዘን የተጠረበውን ዓይነት እንግሊዞች «ሴት» ይሉታል። ይህ ቃል አማርኛ ውስጥ ምን ዓይነት ቀልድ ያስነሣ እንደነበር መገመት ቀላል ነው፤ ኮብል ይሻላል። ሰፋፊው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ «ፍላግ» ይባላል፤ ሰሌዳ ድንጋይ ማለት ከሆነው የጥንት የስካንዲኔቪያ ቃል የመጣ ሲሆን ከባንዲራ ጋር ግንኙነት የለውም። ሦስት ነገር በሦስት ስም የሚጠራበት ቋንቋ የሰጠንን አንዱን ስም እኛ ለሁሉም አደረግነው።

ሆኖም ስሙ አማርኛ ሆኗል። «ሰፈራችን ኮብል ገባ» ማለት ጭቃው አበቃ ማለት ነው። አድራሻ የሚጠቁም ሰው «ኮብሉን ይዘህ ቀጥ በል» ይላል፤ ታክሲ ውስጥም «ኮብሉ ጋ ወራጅ አለ» ይሰማል። ኮሮኮንች እና ፒስታ የሚሉት የድሮ ቃላት በአንድ በኩል፣ አስፋልት በሌላ በኩል ሆነው ኮብል መካከል ላይ ደረጃውን ያዘ። ሰዎች የሰፈራቸውን ዕድገት በእነዚህ ቃላት ቅደም ተከተል ይለካሉ።

ቃሉ መራራ ትርጉምም አግኝቷል። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በኮብልስቶን ማኅበራት እንዲደራጁ ሲነገር ክርክሩ ቤት ለቤት ገባ። መንግሥት ሥራ አይናቅም አለ፤ ወላጆች ልጄን ያስተማርኩት ድንጋይ እንዲጠርብ ነው ወይ አሉ። ከዚያ ወዲህ «ኮብልስቶን» የሚለው ቃል በምሩቃን ቀልድ ውስጥ የመንገድ ስም መሆኑ ቀርቶ ያልተሳካ ተስፋ ስም ሆነ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላም ታሪክ አለ። ከማኅበሩ ቆጥበው ሌላ ሥራ የጀመሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የባንክ ደብተር የያዙ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አልነበረም። የአግሪጳ ሠራተኞች ነጩን ድንጋይ ሲያነጥፉ ስለ ራሳቸው ምን እንዳሉ ዮሴፈስ አልጻፈልንም። ቤተ መቅደስ የሠራ እጅ ጎዳና ሲያነጥፍ ግን አንድ ነገር ሳይል አይቀርም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አሁንም በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ስታገኝ የንጣፉ ቋንቋም ተለወጠ። ኮብል ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሸሸ፤ ዋናው ጎዳና ዳር ዝርግ ሰሌዳ መጣ። ይህን ሕዝቡ «ታይልስ» ወይም ዝም ብሎ «ንጣፍ» ይለዋል። አንድ ሰው ከባለሙያ ጋር ሲዋዋል ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅመዋል። «ጥርብ ድንጋይ» ቢል ለግድግዳ የሚሆን ሊመጣለት ይችላል፤ «ኮብል» ቢል ኩቡ ይመጣለታል። ለግቢው ሰፋፊ ዝርግ ድንጋይ ከፈለገ ውፍረቱን፣ የድንጋዩን ዓይነትና ገጹ ሻካራ መሆኑን ለይቶ መናገር አለበት፤ የለሰለሰ ድንጋይ በዝናብ ያዳልጣልና። ለዚህ ሁሉ ጸፍጸፍ የሚለው ቃል ሳይነካ ተቀምጧል። ወለሉን በጠቅላላ፣ በተለይ ጥራት ያለውን፣ ለመሰየም ከእሱ የተሻለ ቃል አማርኛ ውስጥ የለም፤ ሆኖም አንድ ግንበኛ ፊት ቢጠሩት ዲያቆን መጣ መባል ሳያስከትል አይቀርም።

ከንጣፉ ሥር ያለው ነገርም መረሳት የለበትም። በኢየሩሳሌም ከሰሊሆም መጠመቂያ ወደ ቤተ መቅደሱ የሚወጣው 600 ሜትር ያህል የሚረዝም የደረጃ መንገድ ሲቆፈር፣ ከንጣፍ ድንጋዮቹ ሥር ከ100 በላይ ሳንቲሞች ተገኙ። የመጨረሻዎቹ በ30 ዓ.ም. አካባቢ የተመቱ ስለሆኑ አጥኚዎቹ መንገዱን በጲላጦስ ዘመን የተሠራ ነው አሉ። ቁፋሮው በፍልስጤማውያን ሰፈር በሲልዋን ቤቶች ሥር በመካሄዱ እስከ ዛሬ ያወዛግባል። የመሐንዲስ ዓይን ያለው ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፦ በንጣፉ ሥር ሰው የሚያስኬድ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። የክረምት ዝናብ በድንጋዩ ላይ አይተኛም፤ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በአዲስ አበባ ክረምት፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ በደንብ ባልተመለሰ ንጣፍ ላይ የሚራመድ እግረኛ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። አንዱ ሰሌዳ ከሥሩ ተንቀሳቅሶ ይጠብቀዋል፤ ሲረግጠው የተጠራቀመው ጭቃ ውሃ ሱሪው ላይ ይረጫል። የሰፈሩ ሰው የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ስለሚያውቅ ዘሎ ያልፈዋል፤ እንግዳውን «ተጠንቀቅ፣ ይቺን አትርገጣት» ይለዋል።